የማገዶ ድንበር፦ አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ሳትሆን የቀረችበት ምክንያት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አዲስ ዓለም ይደርሳል። ከከተማይቱ በላይ፣ በጉብታው ላይ፣ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የሕንፃውን ግርማ ያየ እንግዳ «ይህን የሚያህል ቤተ ክርስቲያን በዚህች ትንሽ ከተማ ማን አሠራው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው። ሲጀመር ቤተ መንግሥት እንዲሆን ነበር የታሰበው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባን ትተው ወደዚህ ሊዛወሩ ቆርጠው ነበር። እጀሬ ይባል የነበረውን ስፍራ «አዲስ ዓለም» ያሉትም ያለ ነገር አይደለም።

ለመሆኑ አዲስ አበባን ምን አስጠላቸው? ጠላት አልመጣባቸውም፤ የዐድዋ ድል ገና ትኩስ ነበር። ወረርሽኝም አላባረራቸውም። ከተማይቱ ከተቆረቆረች ገና 14 ዓመት ገደማ ነበር። ምክንያቱ ዛሬ ስንሰማው ተራ ሊመስለን ይችላል፤ ማገዶ አለቀ።

ለእኛ ከተማ ማለት አንዴ ከተተከለ በኋላ የማይነቀል ነገር ነው። ለቀደሙት ነገሥታት ግን እንዲህ አልነበረም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ በአገራችን ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ከተማ ሲገልጽ፣ የሚያወራልን በሺዎች ስለሚቆጠሩ ድንኳኖች፣ ስለ በቅሎዎችና ስለ ጉዞ ነው። ከተማው ንጉሡ ባለበት ነበር። ንጉሡ ደግሞ በአንድ ስፍራ ብዙ አይቆይም፤ በዙሪያው ያለው እህልና እንጨት ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል። ጎንደር ከ1628 ዓ.ም. ጀምራ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በአንድ ቦታ መቆየቷ እውነት ነው። ያም ሆኖ የጎንደር ነገሥታት በጋውን በዘመቻ ማሳለፍ ያዘወትሩ ስለ ነበር፣ ሠራዊቱ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ምድጃ አይበላም ነበር። ምኒልክም ራሳቸው ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ በኋላም ወደ እንጦጦ የተዘዋወሩ ሰው ናቸው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ያሏትን ስፍራም ብዙ ሰው እንደ ቀደሙት ሁሉ እንደ አንድ ሰፈር ነበር የቆጠራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐድዋ በኋላ ከተማይቱ በድንገት አበጠች። ወታደሩ፣ መኳንንቱ፣ ነጋዴው፣ የባዕዳን ቆንሲሎች ሁሉ ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ ቤት እሳት አለው፤ እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላው፣ ቡናው ሁሉ በእንጨት ነው። በቤተ መንግሥቱ ግብር ሲገባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይበላል፤ ከዚያ አዳራሽ ጀርባ የሚነደውን እንጨት አስቡት። ጎጆውም ከእንጨት፣ አጥሩም ከእንጨት ነው። ጥዱና ወይራው ቀስ በቀስ ከኮረብቶቹ ላይ ጠፋ። በዚያን ዘመን ከተማይቱን የጎበኙ እንግዶች ራቁቱን ስለ ቀረው ዙሪያዋ ጽፈዋል፤ ከተማይቱ ብዙ አትቆይም ብለው የገመቱም ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በኢትዮጵያ ምድር እንጨት አልጠፋም ነበር። በከፋና በኢሉባቡር ፀሐይ የማያስገባ ደን ነበር። ለአዲስ አበባ ግን ያ ደን ጨረቃ ላይ የበቀለ ያህል ነው። ሞተር በሌለበት አገር የከተማ ድንበር የሚለካው በአህያና በሰው እግር ነው። ቅርብ ያለው እንጨት አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ከዓመት ዓመት ቆራጩ አንድ አንድ ቀለበት እየራቀ ይሄዳል። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ እስከ ተቻለ ድረስ ነገሩ ይገፋል። መንገዱ ማደር የሚጠይቅ ሲሆን ግን አህያዋም ትበላለች፣ ነጂውም ይበላል፣ የሚበሉትም በማገዶ የበሰለ ነው። እንደዚያ እየራቀ ሲሄድ፣ ሸክሙ ለደከመበት የማይመለስበት ቦታ ላይ ይደርሳል። የምኒልክ ከተማ የደረሰችው እዚያ አፋፍ ላይ ነበር። በቅርብ የተረፈው ትልቅ ደን በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ደን ነው፤ እርሱንም ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚል ትውፊት አለ። አዲስ ዓለም ከዚያ ተራራ ወዲያ፣ እንጨት ወዳለበት ወደ ምዕራቡ አገር የቀረበች ናት። ምርጫው የተሳሳተ አልነበረም።

ታዲያ ለምን ቀረ? አንደኛ፣ መኳንንቱና ቆንሲሎቹ በአዲስ አበባ በድንጋይ ቤት ሠርተው ስለ ነበር፣ እንደ ድንኳን ጠቅልለው መነሣት አልፈለጉም። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ክብደት አለው፤ እርሱም ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ያመጣው ካሲሚር ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለው ፈረንሳዊ የምኒልክ አማካሪ ነው ይላሉ። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የነጩ ባሕር ዛፍ የትውልድ አገር የአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅና ታስማኒያ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ይህ ዛፍ ለአዲስ አበባ ችግር በልክ የተሰፋ ነበር። ጥድ የሰው ዕድሜ ያህል ሲጠበቅ እርሱ በሰባት ዓመት ገደማ ለመቆረጥ ይደርሳል። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከብት ቅጠሉን ስለማይበላው አጥር አይፈልግም። ግንዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጭቃ ቤት ግድግዳም ለጣራም ይሆናል። ባለ ርስቱ ሁሉ በግቢው፣ በወንዙ ዳር፣ በኮረብታው ላይ ተከለ። ጆርጅያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ ከተማይቱን «የባሕር ዛፍ ከተማ» ሊላት የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቅሬታ አልጠፋም። ዛፉ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ከሦስት እጁ ሁለቱ ተነቅሎ በምትኩ የሐር ትል የምትበላው እንጆሪ ዛፍ ይተከል የሚል ዐዋጅ ወጥቶ እንደ ነበር ይነገራል፤ ነገር ግን ማንም አልነቀለም። ውኃ ቢያንስ ይቀዳል፣ ማገዶ ካልተገኘ ግን አይበላም ብለው ይሆናል። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ለማርያም ተሰጠ።

ከተማይቱ አመለጠች ማለት ነው? ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። እኔ ግን ባሕር ዛፍ ምን እንዳደረገ በትክክል ማየት ይበጃል እላለሁ። ድንበሩን አላጠፋውም፤ ከሩቅ አምጥቶ ከጓሮ አስቀመጠው። ማገዶ ከጫካ የሚለቀም መሆኑ ቀረና ከማሳ የሚታጨድ ሰብል ሆነ። ሰብል ደግሞ መሬት ይፈልጋል። ሰው በጨመረ ቁጥር መሬቱ መጨመር አለበት።

የዚህን ትርጉም ለማየት ከእኛ ቀድሞ በተመሳሳይ ጭንቅ ውስጥ የገባ ሌላ ከተማን ማየት ይጠቅማል። ለንደንም በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን እንጨት ተወድዶባት ነበር። እርሷ ያገኘችው መውጫ ግን ዛፍ አልነበረም። ከሰሜን፣ ከኒውካስል፣ በመርከብ የሚመጣ የድንጋይ ከሰል ነበር። ጭሱን ቢጠሉትም ለመዱት። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ ውኃ ሞላው፤ ውኃውን ለመሳብ እ.ኤ.አ. በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር ሠራ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1709፣ አብርሃም ዳርቢ በከሰል ብረት ማቅለጥን አሳክቶ ነበር። የኢንዱስትሪ አብዮት የምንለው ነገር አንዱ እግሩ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ኢ. ኤ. ሪግሊ አንድ ቀላል ስሌት ሠርቷል። አንድ ኤከር ደን፣ ይኸውም ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት፣ ሳይመናመን በየዓመቱ ሊሰጥ የሚችለው እንጨት የአንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ያህል ሙቀት አለው። እንግዲህ እንግሊዝና ዌልስ ይጠቀሙበት የነበረውን ከሰል በእንጨት ለመተካት ቢሹ፣ እ.ኤ.አ. በ1750 ከመሬታቸው 13 በመቶውን፣ በ1800 ደግሞ 35 በመቶውን ደን ማልበስ ነበረባቸው። በ1850 የሚያስፈልጋቸው ደን ከጠቅላላው ምድራቸው አንድ ጊዜ ተኩል ይበልጥ ነበር። ስንዴ የሚዘራበት፣ በግ የሚሰማራበት፣ ሰው የሚቆምበት ቦታ ሳይተርፍ ማለት ነው። ስለ ሥልጣኔ ምንጭ የተጻፉ ወፍራም መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ እኔን ግን እንደዚህ ሦስት ቁጥር ያስደነገጠኝ የለም። ያ ሁሉ ፋብሪካ የቆመው ሌላ፣ የማይታይ አገር ከመሬት በታች ስለ ተገኘ ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከማሳ የሚበላ ገበሬ ናት፤ ፀሐይ በየዓመቱ የምትሰጠውን ታጭዳለች። ለንደን ከጎተራ የሚበላ ሰው ናት፤ ፀሐይ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ያጠራቀመችውን አወጣች። ከጎተራ የሚበላ ለጊዜው ማሳው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይረሳል።

ይህን ካልረሱት አንዱ ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ ነው። ይህ ወጣት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1865 «የከሰል ጥያቄ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ። የብሪታንያ የከሰል ፍጆታ በየዓመቱ 3 ነጥብ 5 በመቶ እየጨመረ መሆኑን አየ፤ በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ በ1961 የዓመቱ ፍጆታ ከ2 ሺህ 600 ሚሊዮን ቶን በላይ ይሆናል ብሎ አሰላ። ከዚያም፣ ይህ ሊሆን ስለማይችል እድገቱ ይቆማል አለ። በእርግጥም የብሪታንያ የከሰል ምርት በ1913 ወደ 290 ሚሊዮን ቶን ደረሰና ከዚያ በኋላ ወረደ። የመጨረሻው ጥልቅ ማውጫ በ2015፣ በከሰል የሚሠራው የመጨረሻው የመብራት ማመንጫ ደግሞ በ2024 ተዘጋ።

ጄቨንስ ያልታየው ነገር ነበር፤ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ የከሰልን ቦታ እንደሚይዙ አልገመተም። ሰውዬው ሥጋት የበዛበትም ነበር። ወረቀት ሊያልቅ ነው ብሎ ከማከማቸቱ የተነሣ፣ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልጆቹ ገና ተጠቅመው እንዳልጨረሱት ኬይንስ ጽፏል። በዚህ የሚስቁበት ብዙ ናቸው። የሚያስቅ አይደለም አልልም። ሆኖም ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ እስካሁን አልተሻረም። ጄምስ ዋት የሠራው ሞተር ከኒውኮመን በእጅጉ ያነሰ ከሰል ይበላ ነበር። ይህ ቁጠባ ግን የአገሪቱን የከሰል ፍጆታ አልቀነሰውም፤ ሞተሩ ርካሽ ስለሆነ ፋብሪካው ሁሉ ገዛውና ፍጆታው ናረ።

የመቶኛ እድገት ጠባይ ለዓይን አይታይም። 70ን በዓመቱ የእድገት መቶኛ ብናካፍል ነገሩ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ይነግረናል። በዓመት 2 ነጥብ 3 በመቶ ማንንም አያስደነግጥም፤ በ30 ዓመት ግን እጥፍ፣ በመቶ ዓመት አሥር እጥፍ ይሆናል። ዛሬ የዓለም ሕዝብ የሚጠቀምበት ኃይል፣ ምድር ከፀሐይ ከምትቀበለው ከ9 ሺህ እጅ አንዱ ገደማ ነው። ኢምንት ነው። ሆኖም በዚያች 2 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ቢያድግ ከ400 ዓመት በኋላ አሥር ሺህ እጥፍ ስለሚሆን፣ ምድር ከምትቀበለው የፀሐይ ኃይል ሁሉ ይበልጣል። 400 ዓመት ሩቅ ይመስላል፤ ወደ ኋላ ብንቆጥረው ግን የምናገኘው ዐፄ ሱስንዮስን ነው። ምንጩ ንጹሕ ነው አይደለም የሚለው ክርክርም ከዚህ አያድንም። የኩበት እሳት ቢሆን፣ የአቶም ኃይል ቢሆን፣ ሥራውን ሠርቶ ሲያበቃ መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱም የሚቀረው እዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 «የእድገት ገደቦች» የተባለው ጥናት ሲወጣ ብዙ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ተቆጡ። የአንዳንዶቹ መልስ ክብደት አለው፤ ሀብት ማለት የግድ ዕቃና እሳት አይደለም፣ ሙዚቃም ሕክምናም ትምህርትም ያድጋሉ ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ዘፋኙም ሐኪሙም ራታቸውን ይበላሉ፤ እንጀራም በሐሳብ አይጋገርም።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የከተማይቱ ነዋሪ ከ2 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ ነበር። የሪግሊን ስሌት ለእኛ እንሞክረው። አንድ ሰው በዓመት ግማሽ ቶን እንጨት ያነዳል ብንል፣ በጥሩ ቦታ ያለ አንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ ደግሞ በዓመት 10 ቶን ይሰጣል ብንል፣ ለዚያ ሕዝብ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ያስፈልጋል። ይህ የከተማይቱን ክልል ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ነዋሪው እጥፍ ሲሆን ማሳውም እጥፍ ይሆናል። የባሕር ዛፍ ተአምር በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ የተሰጠ ተአምር ነበር።

የጎደለው በሁለት መንገድ ተሞላ። አንደኛው ከሰል ነው። ከሰል ቀላል ነው፤ በኪሎ ሲመዘን ከእንጨት ሁለት እጥፍ ገደማ ኃይል ስለሚይዝ ከሩቅ ማምጣት ያዋጣል። መኪና ሲጨመርበት ከስምጥ ሸለቆ ግራር ድረስ ይደርሳል። ነገር ግን አፈር ተጭኖበት በባህላዊ መንገድ ሲከስል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ እንጨት ይፈጃል፤ ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚያው ጢስ ሆኖ ይቀራል። ርቀቱን አሸነፍነው ስንል ደኑን እጥፍ ድርብ እያስከፈልነው ነበር። «ላቀች» የተባለችውን የከሰል ምድጃ ያወጡ ባለሙያዎች ባለውለታዎች ናቸው፤ ብዙ ቤት ከሰል ቆጥባለች። ከተማው ግን ከምድጃዋ ፈጥኖ አደገ።

ሁለተኛው የሴቶች ጀርባ ነው። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን፣ በከተማይቱ ዙሪያ የነበሩት የባለ ርስቶች የባሕር ዛፍ ደኖችም የመንግሥት ሆኑ። ደኑ ጠባቂ ተቀጠረለት፤ የማገዶው ፍላጎት ግን ባለበት ነበር። እናቶችና ልጃገረዶች ሌሊት ተነሥተው እንጦጦን ይወጣሉ፤ ከጠባቂ ተደብቀው ወይም ተለማምጠው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ የሆነ እንጨት አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ይወርዳሉ። የሸክሙ ዋጋ የአንድ ቀን እንጀራ ቢገዛ ነው። ምኒልክን ከአዲስ አበባ ሊያስነሣቸው የነበረው የእግር ርቀት አልተለወጠም፤ የሚሄደው ሰው ተለወጠ እንጂ። በንጉሡ ዘመን ማገዶ ሲርቅ ዋና ከተማው ይንቀሳቀስ ነበር፤ በእኛ ዘመን ከተማው ተቀምጦ ሴቲቱ ተንቀሳቀሰች።

ኤሌክትሪክስ? ተስፋው እርሱ ነው፤ እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። ውኃም እንደ ዛፉ የፀሐይ ሥራ ነው፤ ከማሳ መብላት ነው። ሆኖም ማሳው ከራሱ ጣጣ ጋር ነው የመጣው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ በደለልና በእርጅና ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ ነው በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ የጀመረው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ቆቃም ሐይቁን ደለል ሞልቶበታል። ደለሉ የደጋው አፈር ነው፤ አፈሩ የተነሣው ዛፉ ስለ ተቆረጠ ነው፤ ከተቆረጠው ዛፍ ብዙው ማገዶ ሆኗል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የሚያኮራ ቁጥር ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል። ግድቡ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራና ሌላ ምንም ነገር ባይነካው፣ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው አንድ ሚሊዮን ተኩል የማይሞላ ምጣድ ነው። ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት አይጋግርም፤ በተራ ከሆነ ብዙ ጊዜ እጥፍ ቤት ያዳርሳል። ሆኖም አገሪቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ አላት፤ ፋብሪካውና ባቡሩም ከዚያው ገመድ ነው የሚጠጡት። እስካሁንም ከአገሪቱ ምድጃዎች የሚበዙት የሚነዱት በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው።

ስለ እንጦጦ ሴቶች ሲወራ ሰው የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ሸክሙን ነው። እኔ ግን በ1980ዎቹ አየሁት የምለው ሌላ ነገር ነው። ግንድ መቁረጥ ያልቻሉት አሮጊቶች ከባሕር ዛፉ ሥር የወደቀውን ቅጠል በመጥረጊያ እየጠረጉ በጆንያ ይሞሉ ነበር። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ምጣድ ሥር ቦግ ብሎ ይነዳል። ከጠረጉት ዛፍ በታች የሚቀረው መሬት ቀይና ለስላሳ ነበር፤ እንደ ተለቀለቀ የቤት ወለል፣ ሣር የማይበቅልበት።